የመልካሙ ብልቃጥ

ይህ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ከዋሸሁ ምላሴን የብር ሸለቆ ጉንዳን ይብላው። በኢሕአዴግ ዘመን፣ ወረዳው አንድ አምቡላንስ ብቻ በነበረው ጊዜ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስሙን በማልጠራው ክሊኒክ ያምሮት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ሞተች። ኢንስፔክተር ደጊቱ ስትደርስ ሬሳው በነጠላ ተሸፍኗል። የልጅቷ እናት ንግሥቴ በነርስ እጅጉ ትከሻ ላይ ተደግፋለች፤ እጅጉ ያምሮትን ክርስትና ያነሳች ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያምሮትና የነርሷ ልጅ መልካሙ ሳንባቸው ታሞ ጎን ለጎን ተኝተው ነበር። ዶክተር ልዑልሰገድ የሁለቱም ደም እንዲቆጠር አዘዘ። ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶች ክፉኛ የወረዱበት፣ ነጭ ሕዋሶቹም የተዛቡበት ልጅ ለሞት ቀርቧልና፣ አንድ በሽተኛ ብቻ በሚይዘው አምቡላንስ እሱ ባሕር ዳር ይሂድ አለ። ቁጥሩ ሲወጣ የመልካሙ የሚያስፈራ፣ የያምሮት ደህና ሆነ። መልካሙ ከአባቱ ጋር ሄደ፤ ያምሮት ሳይነጋላት ቀረች። ባሕር ዳር ግን የመልካሙን ደም ቢቆጥሩት ደህና ነው። ይህ ሲሰማ ጣት ሁሉ ደሙን በቆጠረችው በሳምሪ ላይ ተቀሰረ። ወደ እስር ቤት የሚወስዷት ፖሊሶች በር ላይ ቆመዋል።

ደጊቱ አልቸኮለችም። እጅጉን ብትጠይቃት፣ ደሙን ቀድቼ፣ በየብልቃጡ ስማቸውን ለጥፌ ለሳምሪ አስረከብኩ አለች። የአምቡላንሱን ሾፌር ወልደ ዮሐንስን ስለ ጉዞው ጠየቀችው።

«ጉዞውማ ምን ይላል እመቤቴ? ዕቃው አስቀድሞ ተጭኖ የደሙን ውጤት ስጠብቅ ዋልኩ እንጂ።»

«የማን ዕቃ?»

«የመልካሙ ጋቢ፣ የአባቱ ስንቅ። እጅጉ ናት ያስጫነችኝ።»

ሳምሪ ዓይኗ በእንባ አብጧል። ደጊቱ ከደም ላይ ከቁጥሩ ሌላስ ምን ይታወቃል ስትላት፣ ወንድና ሴት እንኳ ይለያል አለች።

«ተረት ልትነግሪኝ ነው?»

«ፉገራ አይደለም እትዬ። ከሴት ነጭ ሕዋሶች ጥቂቶቹ ላይ የነጋሪት መምቻ የመሰለች ጉጥ ትንጠለጠላለች። የወንድ የለውም።»

ደጊቱ ሁሉንም ላቦራቶሪ ውስጥ ሰበሰበች። ከፍሪጅ «መልካሙ» የሚል የተለጠፈበትን ብልቃጥ አወጣች፤ ዶክተሩ በሁሉም ፊት ጠብታ ወስዶ፣ በቀለም ነክሮ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰ። ቆየ።

«አለች» አለ ቀና ሳይል። «ይህ የሴት ልጅ ደም ነው።»

«ሳምሪ ብትሳሳት ቁጥሩ ይዛባል» አለች ደጊቱ፤ «ብልቃጡ ውስጥ ያለው ወንድ ግን ሴት አይሆንም። የተለዋወጠው ስም ሲለጠፍ ነው።»

«የድካም ስሕተት ነው» አለች እጅጉ።

«እኔም እንዲያ ባልኩ ደስ ባለኝ። የተሳሳተ ሰው ግን እንደ ሌላው ሁሉ ውጤት ይጠብቃል። አንቺ ቁጥሩ ሳይወጣ የልጅሽን ጋቢ አስጫንሽ። ማን እንደሚሄድ ታውቂ ነበር።»

እጅጉ ከግድግዳው ተለጠፈች። «ልጄ ነው» አለች። «ያምሮትን ስቀዳት ከመርፌው ቀዳዳ ደሟ አልቆም አለ፤ የሷን ውጤት ሲያዩ የኔን ልጅ ይተውታል ብዬ...»

ንግሥቴ ዓይኗን ከእሷ አልነቀለችም። «እንዳትነቃነቅ ብዬ፣ ስትቀጃት ክንዷን የያዝኩልሽ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ሳምሪን በዓይኗ ይቅርታ ጠይቃ፣ ወደ እጅጉ ተጠግታ ግንባሯን ሳመችና «እግዜር ይፍታሽ» አለቻት።

የነጋሪት መምቻዋ እውነት ናት፤ ያላመነ ሐኪም ይጠይቅ። የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ንግሥቴ እጅጉን አልሳመችም፤ ይፍታሽም አላለች። ስለ ክንዱ የተናገረችውን ተናግራ፣ የልጇን ሬሳ ልትወስድ ወጣች።