አግዳሚው እስኪሞላ

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። በእውነት የሆነ ነገር ነው።

የደረሰው በታላቅ እህቴ ላይ ነው። የሰማሁትም ከራሷ አፍ ነው። እሷ ደግሞ ቀልድ እንኳ ማውራት የማይሆንላት ሰው ናት።

አስፈሪ ነገር በጨለማ ብቻ ይመጣል ያላችሁ ሰው ካለ... አታልሏችኋል።

ይህኛው የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ፣ ሠራተኛው ሁሉ ምሳ ሲወጣ... በሰፈራችን ጤና ጣቢያ፣ የክትባት ክፍሉ በር ላይ።

እህቴን ሰፈሩ በሙሉ "ሲስተር" ይላታል። እኛም ቤት ውስጥ ሲስተር ነው የምንላት፣ እናታችን ሳትቀር። ነርስ ከሆነች ወዲህ ስሟን የጠራት ሰው ትዝ አይለኝም።

ጤና ጣቢያው ትንሽ ነው፤ ግን የማይሠራው የለም። ከበሩ ሲገቡ ካርድ ክፍል፣ ቀጥሎ ቁስል የሚታጠብበት፣ ከዚያ የነፍሰ ጡሮች ክትትል፣ ላብራቶሪ፣ የመድኃኒት መስኮት... ኮሪደሩ ሲያልቅ ደግሞ የሲስተር ክፍል። አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሕፃናት የሚንጠለጠሉበት ሚዛን። በሩ ላይ እናቶች የሚቀመጡበት ረጅም አግዳሚ ወንበር።

ያቺ ክፍል ዝም ብላ አታውቅም። አንዱ ሲወጋ ያለቅሳል፤ ሌላው ተራው ሳይደርስ አይቶት ያለቅሳል። ሲስተር ማታ ቤት ስትገባ "ጆሮዬ ውስጥ አሁንም አሉ" ትለን ነበር።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ያለሱ ታሪኩ አይገባም።

የኩፍኝ ክትባት በአንድ ብልቃጥ ለብዙ ልጅ የሚበቃ ሆኖ ነው የሚመጣው። አንዴ ከተበጠበጠ አያድርም፤ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ለአንድና ለሁለት ልጅ ብልቃጥ እንዳይከፈት አጥብቆ አዝዟል። አግዳሚው እስኪሞላ ይጠበቃል። ካልሞላ እናትየዋ ሌላ ቀን ትመለሳለች።

አብዛኞቹ ይመለሳሉ።

አንዲት ልጅ እግር እናት ነበረች። ግንባታ ቦታ ሲሚንቶ የምታቦካ የቀን ሠራተኛ። ከሥራ የምትለቀቀው በምሳ ሰዓት ብቻ ስለሆነ ልጇን አዝላ እየሮጠች ትመጣለች፤ ነጠላዋም እግሯም ሲሚንቶ እንደለበሰ።

መጀመሪያ ስትመጣ አልሞላም ነበር። ሁለተኛም ስትመጣ አልሞላም። ሲስተር ትእዛዙን ነገረቻት፤ እሷም እሺ ብላ ሄደች። አንድ ቀን እንኳ አልተነጫነጨችም። ደግሞ ትመጣለች፤ ከበሩ ላይ ሆና በለሆሳስ ትጠይቃለች።

"ዛሬስ ሞላ፣ ሲስተር?"

ለመጨረሻ ጊዜ የመጣችውም እንደዚያው ነው። ሲስተር በሩን እየቆለፈች ነበር።

"አልሞላም። በሚቀጥለው ሳምንት ነይ።"

በሚቀጥለው ሳምንት ኩፍኝ ቀድሟት መጣ።

ሰፈሩን እንደ ሰደድ እሳት ነው ያዳረሰው። ትኩሳት፣ የቀላ ዓይን፣ ሽፍታ... ኮሪደሩ መቆሚያ ጠፋበት። ብዙዎቹ ዳኑ። ሁሉም ግን አልዳኑም።

ወሬውን ያመጣችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ወሬ ስለማትወድ "እትዬ ጭምት" ነው የሚሏት። መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ መሬት መሬት እያየች ተናገረች። ያቺ ጎረቤቷ፣ ሲሚንቶ የምታቦካዋ፣ ልጇን ቀብራለች። ዓመት አልሞላውም ነበር።

ሲስተር "ነፍስ ይማር" አለች። ከዚያ መርፌ መቁጠሯን ቀጠለች።

ሰው ሁሉ ትእዛዝ ነው ብሎ ያልፋታል፤ ኃላፊውም፣ እትዬ ጭምትም። እሷ ግን ለማንም ያልተነፈሰችው ነገር ነበራት።

ያን የመጨረሻ ቀን... ብልቃጡ ክፍት ነበር።

ጠዋት አግዳሚው ሞልቶ ከፍታው ነበር። ለሌሎቹ ሰጥታ ተርፏል። ለአንድ ልጅ የሚሆን ብቻ አይደለም፣ ከዚያም በላይ ተርፏል። ግን ርቧታል፤ ቁልፉ በእጇ ነው፤ ጓደኞቿ በሩ ላይ እየጠበቋት ነው። "አልሞላም" ማለት ቀለላት።

ከምሳ ተመልሳ የተረፈውን ደፋችው።

ወሬውን ከሰማች ወዲህ ምግብ አይወርድላትም። እናታችን "ምን ሆንሽ?" ስትላት ሥራ በዛብኝ ትላለች። ምሳ ከሰው ጋር መብላት ተወች። ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ግድግዳ ታያለች።

የመጀመሪያው ቀን እንዲህ ሆነ።

ግቢው ጭር ብሏል። ጥበቃው የውጭውን በር በምሳ ሰዓት ይቆልፈዋል፤ እያፏጨ ስለሚውል "ጋሼ ፉጨት" ይሉታል። ፉጨቱ ከሩቅ ይሰማል። ከክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ነው።

ድንገት ፍሪጁ ዝም አለ።

መብራት የሄደ መሰላት። ቀና ስትል ግን አምፖሉ በርቷል።

ከዚያ ከበሩ ውጭ አግዳሚው ሲጥ አለ። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው።

በሩን ከፈተች።

አንዲት ሴት ከአግዳሚው ዳር ተቀምጣለች። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ አንገቷን ደፍታ። ጭኗ ላይ በደንብ የተጠቀለለ ሕፃን። ነጠላዋ ጫፍ ላይ... ሲሚንቶ።

"ዛሬስ ሞላ፣ ሲስተር?"

ሲስተር አወቀቻት። ምላሷ ግን ልማዱን ተናገረ።

"አልሞላም..."

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም። ሕፃኑን አቀፍ አድርጋ እዚያው ቁጭ አለች።

ሲስተር ወደ ክፍሏ ተመልሳ በሩን ዘጋች፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች። ጥቂት ቆይቶ ፍሪጁ እንደገና ማጉረምረም ጀመረ። ስታይ አግዳሚው ባዶ ነው።

ጋሼ ፉጨትን ሄዳ ጠየቀችው። በሩ እንደተቆለፈ ነው፣ ዝንብም አልገባች አላት። ደግሞ ፊቷን አይቶ ሄደሽ ካርድ አውጪ ብሎ ቀለደባት።

ድካም ነው አለች። ሐዘን ዓይንን ያታልላል አለች።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ፍሪጁ ደግሞ ዝም አለ።

አሁን ሦስት ነበሩ።

ሦስቱም አንገታቸውን ደፍተዋል። ሦስቱም የተጠቀለለ ልጅ ይዘዋል። ያስፈራት ቁጥራቸው አይደለም። ዝምታቸው ነው። አንዱ ሕፃን አያለቅስ። አንዱ አያስነጥስ። እግሩን የሚያወራጭ የለም። እናቶቹም እሹሩሩ አይሉም፣ ጀርባ አይመቱም። የማያለቅስን ልጅ ማን ያባብላል...

ከዳር ያለችው ብቻ ተናገረች።

"ገና ነን መሰለኝ።"

ከሄዱ በኋላ ሲስተር አግዳሚውን በእጇ ዳሰሰችው። ፀሐይ ያረፈበት እንጨት ነው። እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት እዚያ መቆየት ተወች። ከሌሎቹ ጋር ወጥታ፣ ሳትበላ፣ ሲበሉ እያየች ትመለሳለች። ነገሩ የቀረ መሰላት።

አንድ ቀን እትዬ ጭምት መጥረጊያዋን ይዛ መጣች። ያች ሴት በዓመት አንዴ ነው ሰው የምትወቅስ። ያን ቀን ግን ወቀሰች።

"ሲስተር፣ እናቶቹን በምሳ ሰዓት ለምን ታስቀምጫቸዋለሽ?"

"የትኞቹን እናቶች?"

"እነዚያን የተከናነቡትን ነዋ። ዛሬማ አግዳሚው ሊሞላ ምንም አልቀረው። ትመጣለች ጠብቁ ብላቸው... ብዙ ጠብቀናል አሉኝ።"

ሲስተር ፊታቸውን አይታ እንደሆነ ጠየቀቻት። እትዬ ጭምት ትንሽ አሰበች። አላየሁም፣ ተከናንበዋል አለች፤ ወለሉን ስጠርግ እግራቸውን አየሁ፤ ሁሉም በባዶ እግራቸው ናቸው፤ ግን በእርጥቡ ወለል ላይ ሲሄዱ ዱካ አልነበራቸውም።



"የፈሩት ይደርሳል" ይባላል። ሲስተርም መሸሽ እንደማያዋጣ ያን ቀን ገባት። በማግስቱ ሁሉም ሲወጡ ቀረች። ወንበሯን ወደ በሩ አዙራ ተቀመጠች።

ፍሪጁ ዝም አለ።

አግዳሚው ሲጥ አለ። ደግሞ ሲጥ። ደግሞ... እስኪበቃው።

በሩ በራሱ ገርበብ አለ።

አግዳሚው ከዳር እስከ ዳር ሞልቷል። ክፍት ቦታ የለም። ያቺ ሴት ቆማለች፤ ልጇን በሁለት እጇ ወደፊት ዘርግታ።

"ሞልተናል፣ ሲስተር። ይክፈቱት።"

ሲስተር ምን አደረገች መሰላችሁ? አልጮኸችም። አልሮጠችም። ተነሥታ እጇን ታጠበች። ፍሪጁን ከፈተች። ብልቃጡን አወጣች፣ ውሃውን ጨመረች፣ በቀስታ ወዘወዘችው። ይህን ስትነግረኝ "እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ያስገረመኝ እሱ ነው" አለችኝ።

አንድ በአንድ ገቡ።

ፊታቸውን ላለማየት ዓይኗን ከመርፌው ላይ አልነቀለችም። ጥቅልሉ ፈታ ይላል፤ ትንሽ የግራ ክንድ ይወጣል። ክንዱ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ትወጋለች። ልጁ አያለቅስም። እናቲቱ ትሸፍነዋለች፣ ትወጣለች። ሌላዋ ትገባለች።

መጨረሻ ላይ ያቺ ሴት ገባች።

ሲስተር የልጁን ክንድ ይዛ ቆየች። ከሁሉም ይልቅ ያቺ ክንድ ቀጭን ነበረች። ወጋችው። ከዚያ ለእናት ሁሉ የምትለውን፣ ዕድሜ ልኳን ስትል የኖረችውን፣ ሳታስበው አለች።

"ዛሬ ማታ ትንሽ ሊሞቀው ይችላል። አትደንግጪ።"

ሴትየዋ ሕፃኑን ቀስ አድርጋ ሸፈነችው።

"ምነው... በሞቀው" አለች።

እትዬ ጭምት ስትመጣ ሲስተር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር። አግዳሚው ባዶ ነው። ብልቃጡ ባዶ ነው። ያገለገሉት መርፌዎች ሁሉ መጣያ ሳጥናቸው ውስጥ ናቸው። ወለሉ ላይ ግን ጠብታ የለም፤ ጠረጴዛው ላይም የለም። ኃላፊው ስለባከነው ክትባት ብዙ ተናገራት። የት ደፋሽው ሲላት፣ አልደፋሁትም ብቻ ነው ያለችው።

ከዚያ በኋላ ማንም አልመጣም። ፍሪጁም ዝም ብሎ አያውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ተገላገልኩ ይል ነበር። እሷ ግን ባሰባት። "ለሞቱት ሰጠሁ፤ በሕይወት ላለችው ግን እውነቱን አልነገርኳትም" አለችኝ። እሑድ ጠዋት እትዬ ጭምትን ይዛ ወደ ሴትየዋ ቤት ሄደች።

በመንገድ ላይ እትዬ ጭምት ስለ ጎረቤቷ አጫወተቻት። ከዚያ ልጅ በቀር አልወለደችም። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ግቢው ውስጥ ልጅ ያለው ተከራይ የለም፤ ያከራያቸውም ሰውዬ ጫጫታ ስለማይወድ ባለልጅ አያስገባም፤ እሷን እንኳ ልጁ በሕይወት እያለ ሲቆጣት ነው የቆየው።

ሴትየዋ በአክብሮት ነው የተቀበለቻት። ያለችውን አንዲት በርጩማ በነጠላዋ ጠርጋ ሰጠቻት። እትዬ ጭምት ደጅ ቀረች።

ሲስተር አልተቀመጠችም። ቆማ ነገረቻት። ያን ቀን ብልቃጡ ክፍት እንደነበረ፣ ለልጅሽ የሚሆን እንደነበረ፣ ርቦኝ እንደዋሸሁሽ... ሁሉንም። ይቅርታም አልጠየቀችም። ምን ብላ ትጠይቅ።

ሴትየዋ የእጆቿን መዳፍ አየች። ሲሚንቶ የበላው መዳፍ።

"ከዚያ ቀን ወዲህ በጤና ጣቢያው በኩል አልፌ አላውቅም" አለች። "መንገዱን ዞሬ ነው ሥራ የምሄደው። እግሬ እንቢ ይለኛል።"

ሲስተር ራሷን ነቀነቀች።

"ታዲያ... በኋላ ከፈቱት አይደል?"

ያው ድምፅ ነበር። ያው ለሆሳስ።

ሲስተር ማን ነገረሽ አለቻት። ሴትየዋ ግን ተነሥታ የጓሮውን በር ከፈተችላት፤ በዚያ በኩል ወደ መንገዱ ይቀርብዎታል ብላ።

ሲስተር ወደ ጓሮ ወጣች።

ገመድ ላይ ልብስ ተሰጥቷል። የልጅ ልብስ።

መጀመሪያ ላይ ያለችው መዳፍ የምታክል ሹራብ ናት። ከእሷ ቀጥሎ ትንሽ ከፍ ያለች። ከዚያ ደግሞ ከፍ ያለች... ከገመዱ መጨረሻ ላይ፣ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሳይሆን፣ ቆሞ የሚሄድ ልጅ የሚለብሳት ሱሪ።

ሁሉም እርጥብ ናቸው። ውሃው መሬቱ ላይ ጠብ... ጠብ... ይላል።

የሱሪዋ ጉልበት ላይ ደግሞ፣ ልጅ ወድቆ ሲነሣ የሚይዘው ዓይነት፣ ታጥቦ ያልለቀቀ ጭቃ ነበር።