ቡሬ በአቡጀዲው ላይ

ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳ፣ ስለ ጋኔን ሲወራ ተነሥቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ወረታ ላይ ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ነጋዴ ነኝና በክንዴ ያልለካሁትን አላምንም፣ ይህንንም የምነግርህ አምኜበት ሳይሆን የማደርገው ስለጠፋኝ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አንድ ሰው ከጎንደር ሲኒማ ጭኖ መጣና በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መጋዘኔን ለመነኝ፣ መስኮቱን በጆንያ ደፍነን አጨለምነው፣ የገዛ አቡጀዲዬን ግድግዳው ላይ ወጠርንለት፣ ሕዝቡም ገበያውን ትቶ ገባ። የጫካ ጀብዱ ነው አለን። እመነኝ፣ ጫካ የተባለው ከጓሮዬ ጌሾ አይበልጥም፣ አንበሳው ጭድ የተጠቀጠቀ ነው፣ ዝንጀሮውም ዞር ሲል ጀርባው ላይ የተቆለፈበት ቁልፍ ይታያል። ድምፅ ማውጫው ደግሞ ተበላሽቶ፣ ሰውየው ራሱ "አሁን አንበሳው አገሳ" እያለ ይነግረናል።

"ቁልፉን ካንተ ሱቅ ነው የገዛው?" ብሎ ውቤ አሳቀብኝ።

ውቤ ማረሻ ቀጥቃጭ ነው፣ ያን ቀን ግን ሳቁ ካንገት በላይ ነበር። የአያ ታከለ የእርሻ በሬ ጠፍቶ ለማግስቱ አውጫጭኝ ተጠርቷል፣ ያገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሌባው እስኪወጣ አይበተንም፣ የሚያውቅ ሰው "ወፍ ነገረችኝ" ብሎ ስም ይጠራል፣ አያ ታከለም ውቤን ሊያስጠሩት እንደቆረጡ ሁሉም ያውቃል። ከተጠራ ከነልጆቹ ካገር መነቀሉ ነው።

እንግዲህ የሲኒማው ጀብደኛ፣ አንድ ፈረንጅ፣ ከዝንጀሮው ሲሸሽ፣ ከቅጠሉ ኋላ አንድ በሬ ብቅ አለ። ጥቁርና ነጭ ነበር ብልህ ሲኒማውም ጥቁርና ነጭ ነው ትለኛለህ፣ ግን ግራ ቀንዱ እንደ ጠፋው በሬ ተሰብሯል፣ የለየለት የፎገራ በሬ!

አያ ታከለ ብድግ ብለው "ቡሬ! ና ቡሬ!" አሉ፣ እርሻ ላይ እንደሚጠሩት።

በሬው ዞረ። አያቸው። ከዚያ እምቧ አለ፣ ድምፅ ማውጫው ተበላሽቷል ብዬሃለሁ፣ ሰውየውም አፉን ከፍቶ ቀርቷል፣ የመጋዘኔ ቆርቆሮ ግን ተንቀጠቀጠ። ቀስ ብሎም ቅጠሉ ውስጥ ገባ።

"መልሰው!" አሉ አያ ታከለ።

ሰውየው ፊልሙን ወደ ኋላ ጠቅልሎ እንደገና አሳየን። ፈረንጁ ሮጠ፣ ዝንጀሮው ተከተለ፣ በሬ የለም። ሦስት ጊዜ አየነው።

"ጌታዬ፣ እዚህ ውስጥ በሬ ኖሮ አያውቅም" አላቸው፣ ላቡ እየወረደ።

በማግስቱ አውጫጭኙ ላይ አያ ታከለ ተነሡና "በሬዬን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ ማንም አላረደውም፣ የማስጠራው ሰው የለኝም" አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፣ ሕዝቡንም በተኑት።

ውቤ ደስ ብሎታል ስል፣ ስንመለስ ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ሳበኝ።

"ከበሬው ኋላ የሚነዳው ማን ነበር?"

"ኧረ የሚነዳ አላየሁም።"

"አንተ ነበርክ፣ አለንጋ ይዘህ። ለሸንጎው ትንፍሽ አላልኩም፣ ለእኔ ግን ንገረኝ፣ ወዴት ነው የነዳኸው?"

እኔ በሬ ነድቼ አላውቅም፣ እንዲያውም እፈራለሁ። "ተወኝ አንተ ሰው" ልለው አፌን ስከፍት፣ እመነኝ፣ የወጣው ሌላ ነው።

"ወደ ሐይቁ" አልኩት።

ክንዴን ለቆ ሄደ። ለምን እንዲያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።