መሳቢያ ያልገባው መብሻ

የሽማግሌው ጠበቃ ጭንቅላት እንዳልነበር ሆኗል። ገዳዩ አንዴ መትቶ አልበቃውም፤ ሰባት ጊዜ ደጋግሟል። ደሙ ዶሴዎቹን አርሶ፣ ግድግዳው ላይ ተረጭቶ፣ ጣሪያው ድረስ ደርሷል። ከባዱ የብረት ወረቀት መብሻ ፀጉር እንደያዘ ወለሉ ላይ ተጥሏል። እንዲህ ያለ ጭካኔ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ! ኧረ ምን ጉድ ነው!

መርማሪዋ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን ጨርሰውታል። ሥጋ ሻጩን በካቴና አስረው፣ ፊቱን በጡጫ አሳብጠው ጥግ አስቀምጠውታል። ከሦስት ዓመት በፊት በነፍስ ግድያ ተከሶ፣ ይኸው ሟች ተከራክሮ በነፃ ያስለቀቀው ሰው ነው። ዛሬ ሊያማክረው መጥቶ ሬሳው ሥር ተንበርክኮ ተገኘ። አሁን እስር ቤት ከገባ እንደማይወጣ አሳምሮ ያውቀዋል።

«እትዬ፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ! ቀና ላደርጋቸው ብዬ ነው የነካኋቸው!»

«ዝም በል፣ አንተ አረመኔ!» የሟች ሚስት ጮኸችበት። «ባሌ ከሞት አውጥቶህ ውለታው ይኼ ነው?»

መርማሪዋ የሥጋ ሻጩን መዳፍና ጉልበት አየች፤ በደም ተጨማልቀዋል። ደረቱ ላይ ግን አንዲት ጠብታ የለም። ወደ ጸሐፊዋ ዞረች።

«አለቃሽ ደንበኛ ሲመጣ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ጋሼ? መጀመሪያ መብሻውንና መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉና ነው ‹አስገቢው› የሚሉኝ። ድሮ አንድ ተከሳሽ በመቀስ ትከሻቸውን ወግቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ረስተው አያውቁም።»

«ለሁሉም ደንበኛ?»

«ለዘጠና ዓመት አሮጊትም! እኛማ በሳቅ ነበር የምንሞተው።»

«ዛሬ ከሥጋ ሻጩ በፊት ማን ገባ?»

«የእህታቸው ልጅ ብቻ። ጠዋት እኔ ስመጣ እሱ ካባውን ለብሶ ወደ ችሎት ሲሮጥ ደረጃው ላይ ተላለፍን። በሩ ዝግ ስለነበር ጋሼ እያነበቡ መስሎኝ አልረበሽኳቸውም። ሥጋ ሻጩ ሳላየው ገብቶ ሲጮህ ነው የደነገጥኩት።»

የእህቱ ልጅ፣ ረዳት ጠበቃው፣ ከችሎት ተጠርቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ጥቁር ካባውን እስከ አንገቱ ቆልፎ ላቡ ይንጠፈጠፋል።

«ነፍስ ግድያ ለብቻህ ስትከራከር የዛሬው የመጀመሪያህ ነው አሉ» አለችው መርማሪዋ።

«አሥር ዓመት ጠበቅኩ! ዶሴ ተሸከምኩ፣ አቤቱታ ጻፍኩ፣ የኪስ አውላቂ ጠበቃ ሆንኩ። ትናንት አጎቴ ራሱ ፈቀደልኝ።»

«ውሸት!» አለች ጸሐፊዋ። «ትናንት ‹ምስክሩን ውሸት አስጠንተኸዋል፤ ነገ እኔ ራሴ እቆማለሁ፣ ፈቃድህንም አስነጥቅሃለሁ› ሲሉህ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እንግዲህ ሁላችሁም ስሙኝ» አለች መርማሪዋ። «ሥጋ ሻጩ ደንበኛ ነው። ሟች እሱን አስገብተው ቢሆን መብሻው ተቆልፎበት ነበር። ጠረጴዛው ላይ የቀረው ለማይፈሩት ሰው፣ ለቤተኛ ነው። ሳይታይ ዘው ብሎ ገብቶ ነው ብንል እንኳ፣ ጣሪያ ድረስ ደም የረጨ ሰው ደረቱ ንጹሕ አይሆንም። ሥጋ ሻጩ ደረቱ ንጹሕ ነው፤ የጸሐፊዋም ቀሚስ እንደዚያው። ጠበቃ ካባውን የሚለብሰው ችሎቱ በር ላይ ነው። አንተ ግን ከዚህ ለብሰህ ወጣህ፤ በዚህ ሙቀትም እስካሁን አላወለቅክም። እስቲ ቁልፉን ፍታው።»

ወደ ኋላ ሸሸ። አንድ ፖሊስ ግድግዳው ላይ አጣብቆ ካባውን ቀደደው። ነጩ ሸሚዝ በደረቀ ደም ክችች ብሏል። የደም ሸሚዝ ለብሶ ስለ ሰው ነፍስ ሲከራከር አረፈደ፤ ድፍረቱ ያስገርማል!

ሚስትየዋ ዘልላ ፊቱን ቧጠጠችው። «አንተን'ኮ በዚህ እጄ ነው ያሳደግኩህ!»

«ጠበቃዬ ሳይመጣ አንዲት ቃል አልናገርም» አለ፤ ከንፈሩ እየደማ።

«መብትህ ነው። ማንን እንጥራልህ?»

ዓይኑን ወደ አጎቱ ሬሳ መለሰ።

ሥጋ ሻጩ ካቴናው ተፈቶለት አንጓውን እያሻሸ ተነሣ።

«እኔን ጠበቃው ሁሉ እምቢ ሲለኝ እሳቸው ብቻ ናቸው ጉዳዬን የያዙልኝ» አለው ረዳት ጠበቃውን። «አንተንማ መች ይጥሉህ ነበር?»

ከዚያ ሥጋ ሻጩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።