በእንጆሪ የተሸፈነ ጭስ

ኬክ ቤት ያለው ቤተሰብ የሥራውን ሽታ ለብሶ ይዞራል። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ክሬም» የሚለው ኬክ ጋጋሪ፣ ሚስቱ፣ ከትምህርት ስትመለስ የምታግዛቸው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃቸው፣ ሁሉም ቫኒላና እንጆሪ ይሸታሉ። አውቶቡስ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠ ሰው ሳያስበው ኬክ ያምረዋል።

ጣዕምና ሽታ የተጨመረበትን ትምባሆ የሚከለክለው ሕግ በወጣ ሰሞን፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ በትንሽ መስኮት ትምባሆ የሚሸጠው ሰውዬ ወደ ኬክ ቤቱ መጣ። ቅጽል ስሙ «ጢሱ» ነው።

«ጋሽ ክሬም፣ እስቲ አንድ ጠርሙስ የእንጆሪ ማጣፈጫ ሽጥልኝ።»

«አንተ ደግሞ መቼ ነው ኬክ መጋገር የጀመርከው?»

«እኔማ እንቁላል መጥበስም አይሆንልኝ። ለትምባሆው ነው። ፋብሪካው ጣዕም ያለውን አቆመ፤ ደንበኞቼ ደግሞ ‹ባዶው ጉሮሮ ይልጣል› እያሉ ይሸሹኛል። የተከተፈው ላይ ጠብ ጠብ አድርጌ፣ አድርቄ ልጠቀልለው ነው።»

«ተከልክሏል አይደል እንዴ?»

«የተከለከለው ትምባሆው ነው። አንተ የምትሸጥልኝ የኬክ ዕቃ፤ ምን አገባህ?»

«ልጆችስ?»

«እኔ ጋ ጢም ያላወጣ አይገዛም!»

ሚስትየው ከምታቦካው ሊጥ ቀና አለች። «የሚበላና ተቃጥሎ የሚማግ ነገር አንድ ነው? ሕጉስ ለምን የወጣ ይመስላችኋል? ትምባሆው ልጆችን ‹ቅመሱኝ› እንዳይላቸው እኮ ነው።»

«ተዋት፣ ምድጃ ሲለኮስም ትደነግጣለች» አለ ጋሽ ክሬም እየሳቀ። «ሕፃን የሚበላው ነገር ማንን ይጎዳል?»

ጠርሙሱን ሰጠው። ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ሰጠው።

ልጅቱን ሳል የያዛት ከዚያ ወዲህ ነው። ሕፃን ሳለች አስም ስለነበረባት እናቷ ብርድ መታት ብላ አሰበች። ደረጃ ስትወጣ ግን መሃል ላይ ቆማ ግድግዳ መደገፍ አመጣች። ከሰዓት በኋላ ቤት የምትውለው እናቷ፣ አንድ ቀን ሥራ በዝቶ ከሰዓትም ኬክ ቤቱ ሳለች ባሏን ተቆጣችው።

«ምናለ ልጅቷን በዱቄት ብናኝ ባታፍናት? ሳሉ እስኪተዋት እዚህ አታምጣት።»

«ማንን? ለፈተና ማጥናት ከጀመረች ወዲህ መች እዚህ ረገጠችና?»

«በየቀኑ እንጆሪ እንጆሪ እየሸተተች ነው እኮ የምትገባው።»

የጋሽ ክሬም እጅ ኬኩ ላይ እንዳለ ቀረ። ተያዩ። ሌላ ቤት ቢሆን እናት በመጀመሪያው ቀን «ይህ ሽታ ከየት መጣ?» ብላ ትጠይቅ ነበር። እነሱ ቤት ግን ሽታው የራሳቸው ሽታ ነው።

ሽርጡን ሳይፈታ ወደ ቤት ሮጠ። መታጠቢያ ቤቱ ከውስጥ ተቆልፏል። ቢጠራት መልስ የለም፤ ከበሩ ጀርባ ግን ፉጨት የመሰለ ቀጭን ትንፋሽ ይሰማል። ይቆማል። ይቀጥላል። እንደገና ይቆማል፤ በዚህኛው ጊዜ ቶሎ አልቀጠለም። በትከሻው በሩን ሰብሮ ሲገባ ልጁ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ዓይኖቿ ፈጠው ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ግማሹ የተቃጠለ ጥቅል ትምባሆ እንጆሪ እንጆሪ እየሸተተ ይጨሳል። መናገር አቃታት። እጁን ብቻ ያዘች፤ ጥፍሮቿ ቆዳው ውስጥ ገቡ።

ሆስፒታል ሐኪሟ የኦክስጅን ጭንብል አጠለቀችላት። «ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ…» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ወደ ልጅቱ ዞረች።

ትንፋሿ ሲመለስ ልጅቱ ጭንብሉን ገለጥ አደረገች።

«አባዬ፣ መጀመሪያ ባዶውን ሞክሬው ነበር። ሲያቃጥለኝ ጣልኩት። ይሄኛው ግን አያቃጥልም፤ ያንተን ኬክ ኬክ ይላል። ምንም የሚያደርግ አልመሰለኝም።»

«ከማን ነው የገዛሽው?»

«ከጢሱ። ከክፍላችን ግማሹ ከእሱ ነው የሚገዛው።»

እናቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ጋሽ ክሬም ጭንብሉን መልሶ አጠለቀላት።

ወላጆችና ነጋዴዎች ሆይ፣ ያ ማቃጠል ለልጅቱ ጠባቂዋ ነበር። ሰውነቷ «ተይ» ብሏት ሰምታው ነበር። ማጣፈጫው ያንን ድምፅ አፈነው እንጂ መርዙን አላወጣውም። ሕጉ የከለከለው ጣፋጭ ነገርን ሳይሆን መርዝን አጣፍጦ ለልጅ ማቅረብን ነው። ሕግ ደግሞ የሚጣሰው ትምባሆውን በሚሸጠው እጅ ብቻ አይደለም፤ «ምን አገባኝ» ብሎ በሚያቀብለው እጅም ጭምር ነው።

በማግስቱ ጋሽ ክሬም ወደ ጤና ቁጥጥር ቢሮ ሄደ። ስለ ጢሱና ስለ ጠርሙሶቹ የሚናገረውን ተቆጣጣሪዋ አቋርጣ ጠየቀችው።

«ማን ከሶዎት ነው?»

«ማንም አልከሰሰኝም። ማጣፈጫውን የማቀብለው እኔ ነኝ።»

«እርስዎም እንደሚጠየቁ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።» በግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየና ተነሣ። «እህቴ፣ ቀሪውን ወደ ጢሱ መስኮት እየሄድን ልንገርሽ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊወጡ ነው።»