ቁምሳጥን እና ውሸታም

«ያ ቁምሳጥንሽ ትናንት አፈር አስበላኝ» አለ ኢሳሙ፣ የደረቀ ዓሣ እያኘከ።

ቺዙሩ የለስላሳውን ጠርሙስ ከአፏ አወረደች። በጠርሙሱ አንገት ውስጥ በክዳን ፈንታ የምትንከባለለው የመስታወት ብይ ቀጭ ብላ ቆመች። ከትምህርት ቤት መልስ ዘወትር በሚያርፉበት የከረሜላ ሱቅ ደጃፍ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«የቱ ቁምሳጥን?»

«ስንት ቁምሳጥን አለ? ኮዙኤ ጋ ያለው ነዋ። ጌሞቻችንን በገመድ አገናኝተን ተጋጠምን፤ ያሉኝን አውሬዎች በሙሉ በየተራ ዘረራቸው። ዶሱኦ ሆኖ ደግሞ እንዴት እንደገዘፈ! እኔ አውሺኝ ስልሽ ሙድ ይዘሽብኝ ለእሷ ትሰጫለሽ። ሼም ነው እሺ።»

«ተሳስተህ ነው። የኮዙኤ ጌም ከተደመሰሰ ቆይቷል። ያላት ሁሉ ጠፍቶባት እንደገና ከዜሮ ነው የጀመረችው።»

«ስሙን አንብቤያለሁ እኮ። ‹ቁምሳጥን› ይላል። እንዲህ ዓይነት ስም የሚያወጣ ጅል በሞጂ ከተማ ውስጥ ካንቺ ሌላ ማን አለ?»

ቺዙሩ ያላለቀውን ለስላሳ አግዳሚው ላይ ትታ ተነሣች። ኢሳሙ «እጠጣዋለሁ ማለት ነው?» ሲላት እንኳ ዞር አላለችም።

በዚያ ዓመት በመካከለኛ ትምህርት ቤታቸው ያ ጌም የሌለው ልጅ አልነበረም። አውሬዎችን በዋሻና በጫካ እያደኑ ይይዛሉ፣ ያሳድጋሉ፣ ያታግላሉ። ከአውሬዎቹ ሁሉ ቺዙሩ የምትወደው ዶሱኬን ነው። አንገተ ደንዳና፣ ደረተ ሰፊ፣ ወገቡን በወፍራም ገመድ የታጠቀ ታጋይ ነው። ታጋይ ይሁን እንጂ ጠበኛ አይደለም። በጌሙ ውስጥ ባሉት መንደሮች ድንጋይ ያነሣል፣ ድልድይ ይሠራል፣ ቤት የሚቀይሩ ሰዎችን ዕቃ ይሸከማል። ‹ዶሱኬ ሸክም ካየ ሳይጠሩት ይመጣል› ይባልለታል። ቺዙሩ የራሷን የያዘችው ከብዙ ልፋት በኋላ ሲሆን፣ ደረቱ የአያቷን ቁምሳጥን ስላስታወሳት ቁምሳጥን አለችው። ኮዙኤ ያን ቀን ሆዷን ይዛ ስትስቅ ዋለች።

ዶሱኬ አንድ አመል አለው። የፈለገውን ያህል ቢታገል ብቻውን ወደ ትልቁ መልኩ፣ ወደ ዶሱኦ፣ ማደግ አይችልም። የሚያድገው በገመድ ከአንዱ ልጅ ጌም ወደ ሌላው ሲሻገር ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆቹ አውሬያቸውን ለሚያምኑት ጓደኛ ያሻግሩታል፣ ጓደኛውም በምትኩ የማይረባ ነገር ይሰጣል፤ ዶሱኬው በሰው እጅ ዶሱኦ ሆኖ ካደገ በኋላ ወዲያው መልሰው ይለዋወጣሉ። መሐላ የለ፣ ምስክር የለ። ከማያምኑት ሰው ጋር የሚያደርገው የለም።

ቺዙሩ ያሻገረችው ለኮዙኤ ነበር። በምትኩ አንዲት ደካማ ትል ተቀበለች። ቁምሳጥን በኮዙኤ እጅ ብርሃን ለብሶ ሲያድግ ሁለቱም ጮኹ። ልክ ሊመልሱት ሲሉ የኮዙኤ አባት ከሥራ ገባና «ጌሙን አስቀምጪ፣ የምነግራችሁ ነገር አለ» አለ። ኮዙኤም «ነገ እመልስልሻለሁ» ብላ ወደ ቤቷ ሸኘቻት። በማግስቱ ግን ዓይኗ አብጦ መጣች። ትንሽ ወንድሟ ጌሙ እየሠራ ካሴቱን ነቅሎባት ሁሉም ነገር መደምሰሱን ነገረቻት።

ቺዙሩን ያንገበገባት መታለሏ ብቻ አልነበረም። ያን ቀን ኮዙኤን አቅፋ አባብላታለች። «አይዞሽ፣ የወንድምሽ ጥፋት ነው» ብላታለች። እንዲያውም አዝናላት ከራሷ አውሬዎች ደህና ደህናዎቹን መርጣ ሰጥታታለች። ያ ሁሉ ሲሆን ቁምሳጥን እዚያው፣ በሌባዋ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ኮዙኤ አባቷ በአገሩ ሌላ ጫፍ ወዳለችው አኪታ መዛወሩን ስትነግራትም እንደ ሞኝ አብራት አልቅሳለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ይህንኑ ነው። ቺዙሩ እቤቷ እስክትደርስ በመንገድ ላይ ያገኘችውን ጠጠር ሁሉ በእግሯ እየመታች ሄደች።

ሄዳ ልትናገራት ትችል ነበር። ግን የሚሆነውን ታውቀዋለች። ኮዙኤ ታለቅሳለች፤ ተጓዧ እሷ ስለሆነች ሰው ሁሉ እሷን ያባብላል። «ለአንድ ጌም ብለሽ ነው?» የምትባለው ቺዙሩ ትሆናለች። ለአንድ ጌም አልነበረም። ይህን ግን ማን ይረዳታል?

ስለዚህ ሌላ ነገር አሰበች። ወደ ዋሻው ተመልሳ አንድ አዲስ ዶሱኬ ያዘች። ጌሙ ‹ስም ይውጣለት?› ብሎ ሲጠይቃት አላመነታችም። ‹ውሸታም› ብላ ጻፈች።

የጌሙን ሕግ የማያውቅ ልጅ የለም። የአውሬን ስም ሊቀይር የሚችለው መጀመሪያ የያዘው ሰው ብቻ ነው። ኮዙኤ የቁምሳጥንን ስም መደበቅ ያልቻለችውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቺዙሩ ውሸታምን አጠንክራ፣ በቁምሳጥን ለውጣ ትሰጣታለች። ከዚያ በኋላ ኮዙኤ አኪታ ውስጥ ከማንም ጋር በተጋጠመች ቁጥር፣ ያ ግዙፍ ዶሱኦ ‹ውሸታም› ተብሎ ይወጣል። ምን ብታደርግ አታጠፋውም። ቺዙሩ ይህን ስታስብ ከስንት ቀን በኋላ ፈገግ አለች። የምግብ ፍላጎቷም መለስ አለላት።

በሚቀጥሉት ቀናት ውሸታምን ያለ እረፍት አታገለችው። የሚገርመው፣ ውሸታም ጎበዝ ነበር። በተመታ ቁጥር ይነሣል፤ በመንገድ ላይ ግንድ ወድቆ ሲያገኝ ያለ ትእዛዝ ያነሣል። ቺዙሩ ግን ልትወደው አልፈለገችም። ስሙን ባየች ቁጥር ጥርሷን ነከሰች።

ዓርብ ዕለት በክፍል ውስጥ ለኮዙኤ ሽኝት ተደረገላት። የክፍሉ ልጆች በሙሉ የስንብት ቃል የሚጽፉበት ነጭ ካርቶን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ ቺዙሩ ጋ ደረሰ። ከኮዙኤ ስም አጠገብ ሰፋ ያለ ቦታ ተትቶላታል።

«ያንቺን ቦታ ማንም እንዳይነካው ብያለሁ» አለች የክፍል አለቃዋ። «የልብ ጓደኛዋ አንቺ አይደለሽ?»

ቺዙሩ ካርቶኑን ባዶውን መለሰችላት። «እስክሪብቶዬ አልቋል።»

«የእኔን ውሰጂ።»

«አልፈልግም አልኩሽ እኮ።»

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኾ ወጣ። ልጆቹ ዞረው አዩዋት። ኮዙኤ ከወዲያ ጥግ ሆና ባዶውን ቦታ አየችው፣ ቀጥላም ወለሉን አየች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ ምን ሆነሻል ብላ አልጠየቀቻትም።

እሑድ ጠዋት ቺዙሩ ጌሟንና ገመዱን በጃኬቷ ኪስ ከትታ ወደ ኮዙኤ ቤት ሄደች። የዕቃ መኪናው ከሕንፃው በር ላይ ቆሟል። ራሳቸውን በፎጣ ያሰሩ ሠራተኞች በጠባቡ ደረጃ ዕቃ እያወረዱ ነበር።

«ቁምሳጥን! ቁምሳጥን እየመጣ ነው፣ ዞር በሉ!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

ቺዙሩ ደንግጣ ከግድግዳው ተለጠፈች። እውነተኛ ቁምሳጥን ነበር። ሁለት ሰዎች እያላባቸው በመታጠፊያው በኩል ሊያሳልፉት ይታገላሉ። በሌላ ቀን ቢሆን እሷና ኮዙኤ በሳቅ ይሞቱ ነበር።

የኮዙኤ እናት ከላይ ሆና አየቻት። «ቺዙሩዬ! እንኳን መጣሽ። ኮዙኤ ከኋላ ነው ያለችው። ጠዋት አፏ እህል አልቀመሰ፣ እስቲ አንቺ ለምኛት» ብላ በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ድብልብል አስያዘቻት።

«እሺ እትዬ» አለች ቺዙሩ። ንዴቷን ይዛ ስትመጣ ሩዝ አሸከሟት።

ኮዙኤ በሕንፃው ጀርባ የብስክሌት ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ቺዙሩ ሩዙን አጠገቧ አስቀመጠች፤ ገመዱንም ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችላት።

«ስኪው።»

ኮዙኤ ገመዱን አየችው። «ቺዙሩ፣ ነገርኩሽ እኮ፣ ወንድሜ ካሴቱን…»

«አንድ ጊዜ ደግመሽ ወንድሜ ብትይ ይህን ሩዝ ፊትሽ ላይ ነው የምለጥፈው። ኢሳሙ ነግሮኛል።»

ከሕንፃው ወዲያ የዕቃ መኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ። ኮዙኤ ቀስ ብላ ቦርሳዋን ከፈተችና ጌሟን አወጣች። ዕቃዋ ሁሉ መኪና ላይ ሲጫን ይህን ብቻ ከራሷ አልለየችውም።

«ልመልስልሽ ነበር» አለች። «እውነቴን ነው። ግን ያን ዕለት አባቴ አኪታ ልንሄድ ነው አለን። ሌሊቱን ቁምሳጥንን ይዤ አደርኩ። እዚያ ማንንም አላውቅም። ቤት ለሚቀይሩ ሰዎች የሚመጣ እሱ አይደል? አብሮኝ ቢሄድ ብዬ…»

«የእኔ ነው እኮ! ብትጠይቂኝ አይሻልም ነበር? ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር።»

«አትሰጪኝም።»

ቺዙሩ አትሰጣትም ነበር። ይህ እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደዳት፤ ከውሸታም አፍ የወጣ እውነት ነበርና።

«ባልሰጥሽስ? ባልሰጥሽ ትሰርቂኛለሽ? አባበልኩሽ እኮ! አውሬዎቼን ሰጠሁሽ! አይተሽ ዝም አልሽ!»

«አዎ።»

«አዎ ብቻ?»

«ሌላ ምን እንደምል አላውቅም» አለች ኮዙኤ። አላለቀሰችም። ቺዙሩ የጠበቀችው የአዞ እንባ ነበር፤ ለእሱ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ይህችኛዋ ኮዙኤ ግን ፊቷ አመድ መስሎ ገመዱን በጌሟ ሰካችና ጠበቀች።

ሁለቱም መለዋወጫውን ከፈቱ። ቁምሳጥን በኮዙኤ በኩል ታየ። ደረቱ ሰፍቶ፣ ወገቡን በወርቃማ ገመድ ታጥቆ፣ በጣም ያምራል። በቺዙሩ በኩል ያለው ስም ገና ለኮዙኤ አይታይም። ቁልፏን አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው የቀራት።

አውራ ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ኮዙኤን አየቻት። ከአዲስ ክፍል ፊት ቆማ ስሟን ስትናገር ታያት። ልጆቹ ጌም አላት ብለው ሲሰበሰቡ፣ ገመድ ሲሰኩ፣ ያ ስም ሲወጣ። ‹ውሸታም! የማን ነው? አንቺን ነው?› ሲሉ። ለዚህ ነበር ስንት ቀን የለፋችው። ደግሞም ይገባታል። ቺዙሩ አሁንም ይገባታል ብላ ታምናለች።

መለዋወጫውን ዘጋችው።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች ኮዙኤ።

«ዝም በይ። ጠብቂ።»

በጌሙ ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ ዳር፣ ስም የሚቀይሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ቺዙሩ ወደ ቤታቸው ገባች። ሽማግሌው ‹ይህ ስም አይከብደውም?› ብለው ጠየቋት፤ ለሁሉም የሚሉት ነው። ቺዙሩ አሮጌውን ስም ፊደል በፊደል አጠፋችው። ምን ብላ እንደምተካው አላሰበችበትም ነበር። ‹ጓደኛ› ብላ መጻፍ አልቻለችም፣ እጇ እምቢ አለ።

«ኮዙኤ! ልንሄድ ነው!» ሲል የአባቷ ድምፅ ተሰማ።

«ይቅር ትይኛለሽ?» አለች ኮዙኤ ፈጠን ብላ፣ ጊዜው እንዳያመልጣት።

«ገና ነኝ» አለች ቺዙሩ ቀና ሳትል። ካለችው በኋላ ያንኑ ጻፈችው።

መለዋወጫውን እንደገና ከፍተው ተለዋወጡ። ቁምሳጥን ወደ ባለቤቱ መጣ። በሌላው ወገን የቺዙሩ ዶሱኬ ወደ ኮዙኤ ተሻግሮ ብርሃን ለበሰ፤ ትከሻው ሰፋ፣ አደገ። ኮዙኤ የመጣላት ያቺው የሰጠቻት ደካማ ትል ሳትሆን ዶሱኦ መሆኑን ስታይ ጌሙን ወደ ዓይኗ አቀረበችው። ስሙን አነበበች።

«‹ገና›?» አለች። «ገና ማለት?»

«ገና አልበረደልኝም ማለት ነው።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ተብሎ ሊቀር ነው?»

«ሕጉን ታውቂዋለሽ። ስሙን መቀየር የምችለው እኔ ብቻ ነኝ» አለች ቺዙሩ። ገመዱን ነቅላ በመዳፏ ጠቀለለችው። «እንዲቀየር ከፈለግሽ ይዘሽው ትመጫለሽ።»

ኮዙኤ ጌሙን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች። አባቷ እንደገና ተጣራ። ሩዙን አንሥታ ከቅጠሉ ገለጥ አደረገችና አንድ ጊዜ ገምጣ፣ አፏ እንደሞላ ሮጠች።

መኪናው ሲነሣ ቺዙሩ እጇን አላውለበለበችም። እጆቿ በኪሷ ውስጥ ነበሩ፣ በአንደኛው ገመዱን አጥብቃ ይዛለች። መኪናው በወደቡ መንገድ ታጥፎ እስኪጠፋ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።