በቀኝ የመጣች ጀልባ

ካፒቴን ቶኩጂ ሲሞት ለቀብር የሚለበሰውን ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ነበር። ሬሳው ወደቡ ላይ በሸራ ተሸፍኖ ተጋድሟል። መርማሪው ናሩሴ ሸራውን ገለጥ ሲያደርግ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው ከተሰበረው ማጅራት ላይ ሳይሆን በጥንቃቄ ከታሰረው ጥቁር ክራቫት ላይ ነው። ሲሚንቶ ጭኖ በማለዳ የሚጓዝ፣ ቀኑን ሙሉ ከአቧራ ጋር ሲታገል የሚውል ሰው ክራቫት ምን ያደርግለታል?

«ማን ሞቶበት ነው?» አለ ናሩሴ።

«ራሱ ነዋ የሞተው!» አለ የደሴቲቱ ፖሊስ ዋዳ፣ የሰውዬውን ጤንነት የተጠራጠረ ይመስል ገላምጦት።

ናሩሴ የባሕር አደጋ መርማሪ ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እቤት የሚጠብቀው ሰው እንደሌለ መሥሪያ ቤቱ ስለሚያውቅ፣ ማንም መሄድ የማይፈልግበትን ደሴት ሁሉ እሱ ላይ ይጥልበታል። እሱም እምቢ ብሎ አያውቅም። እምቢ ብሎስ የት ሊሄድ? በባዶ ቤት ለአንድ ሰው ሩዝ ከመቀቀል የሰው ሬሳ ማየት የሚሻለው ቀን አለ።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ዋዳ። «ሽማግሌው ኢሶዳ ጀልባው ላይ እንቅልፍ ወስዶት መርከቧ ፊት ገባ። የሟቹ ወንድም ኪዮሂኮ እሱን ላለመግጨት መሪውን ሲያዞር መርከቧ ተጋደመች፤ ካፒቴኑ ከደረጃ ወድቆ ማጅራቱ ተሰበረ። እርስዎ ከፈረሙልኝ ዛሬውኑ ጀልባውን ለመንግሥት እወርሰዋለሁ፣ የማጥመጃ ፈቃዱም ይሰረዛል።»

«ከጀልባው ሌላ ምን አለው?»

«ምንም። ሚስቱ ከሞተች ቆየች። ልጁ ሚኖሩም ካቻምና ጀልባ ላይ ተኝቶ ከመብራት ቤቱ አለት ጋር ተላትሞ ሞተ ተብሎ ተፈርዷል። እዚህ አባትና ልጁን ‹እንቅልፋሞቹ› ነው የምንላቸው። ዘር ነው መቼም።»

ናሩሴ ሸራውን መልሶ ሸፈነና ወደ መርከቧ ወጣ። ትንሽ የቤተሰብ መርከብ ናት፤ ካፒቴኑ፣ ሚስቱ ቺዮ፣ ወንድሙ ኪዮሂኮ እና ባንዶ የሚባል ሞተረኛ ብቻ ናቸው የሚሠሩባት።

ኪዮሂኮ በመሪው ክፍል ጠበቀው። እንደ ምሰሶ የረዘመ ሰው ነው፤ በሩን ሲገባ አንገቱን ሰበር ያደርጋል፣ ከገባም በኋላ ቀና አይልም። ናሩሴ ወደ መሪው ጠጋ ሲል እግሩ ከአንድ የተገለበጠ የዓሣ ሣጥን ጋር ተጋጭቶ ጣቱን አመመው።

«ይቅርታ» አለ ኪዮሂኮ፤ ሣጥኑንም በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ አደረገው።

«አይዞህ፣ የኔ ጣት ለምዶታል። ንገረኝ እስቲ።»

«ከግራዬ ነው የመጣው። ሕጉን ያውቁታል፤ በቀኝህ ላየኸው መርከብ መንገድ ትለቃለህ። እኔ ለሽማግሌው በቀኙ ነበርኩ። መልቀቅ የነበረበት እሱ ነው። ብጠብቅ ብጠብቅ ንቅንቅ የለም! በሙሉ ፍጥነት ላይ እንዳለሁ መሪውን እስከ ጥጉ አዞርኩት። መርከቧ በጎኗ ተኛች ነው የምልዎ! ማንቆርቆሪያው ሳይቀር ወለሉ ላይ ተከሰከሰ። ወንድም ጋሼ ደረጃው ላይ ነበር…» አለና ፊቱን አዞረ።

ከመሪው በላይ ለባሕሩ አምላክ የተሠራች ትንሽ መደርደሪያ አለች። ፊቷ በነጭ ወረቀት ተሸፍኗል።

«ይህን ማን ሸፈነው?»

«ባንዶ ነዋ። ቤተሰብ ሐዘን ላይ ሆኖ ለአምላክ ነገር እጁን አይሰድም። ባዕድ ነው የሚሸፍነው» አለ ኪዮሂኮ፣ ይህን የማያውቅ ሰው ከየት መጣ በሚል ድምፅ።

«እኔም ባዕድ ነኝ» አለ ናሩሴ። የወረቀቱን ጥግ በጣቱ አንስቶ አየ። ካፒቴኑ ጎሕ ሲቀድ ያቀረበው ጨው በትንሿ ሳህን ላይ ሹል ሆኖ እንደተከመረ ነው። አጠገቡ ያለችው ሳኬ የሚባለው የሩዝ አረቄ ጽዋ እስከ ከንፈሯ ሞልታለች። ናሩሴ ወረቀቱን መልሶ እጁን አጨብጭቦ ሰገደና ወረደ።

ቺዮ ማድቤት ውስጥ ቆማለች። ቁመቷ አጭር ስለሆነ ጽዋ ከመደርደሪያ ለማውረድ በእግሯ ጣቶች ቆመች፤ ለእንግዳው ሻይ ቀዳች። አላለቀሰችም። ናሩሴ ይህን ያውቀዋል፤ እሱም ሚስቱ የሞተች ዕለት ለለቀስተኛ ሁሉ ሻይ ሲቀዳ ነው የዋለው።

«ሩዝ እያጠብኩ ነበር» አለች። «መርከቧ ስትጋደም ድስቱ ከእጄ አመለጠ።»

«ለምን ነበር ጥቁር የለበሰው?»

«አላውቅም።»

«ክራቫቱንስ ማን አሰረለት?»

እጆቿን አየቻቸው። «እኔ።»

«የት ልትሄድ ነው ብለው ሳይጠይቁት?»

ፊቷን ወደ ድስቱ አዞረች። ሻዩ በረደ።

ሞተረኛው ባንዶ ግን ወሬ የተጠማ ሰው ነው። እታች ከሞተር ጋር የሚውል ሰው ሰሚ ሲያገኝ አይለቅም።

«እዚህ ሆኖ ምን ይታያል ብለው ነው ጌታዬ? እኔን የሚያዘኝ ከመሪው ክፍል የሚደወል ደወል ነው። ‹ቀስ› ሲለኝ ቀስ፣ ‹ቁም› ሲለኝ ቁም። ያቺ ቦታ ስንደርስ እንደሆነ ሁልጊዜም ቀስ ነው።»

«የቷ ቦታ?»

«ከሽማግሌው ጋር ተገናኘን የተባለባት። ዛሬማ ጭራሽ ቆምን! ደህና አድርገን ነው የቆምነው፤ ሲጋራዬን አጭሼ ጨረስኩ።» ወዲያው አንገቱን አከከ። «ኪዮሂኮ ግን ይህን አታውራ ብሎኛል። እኔ ደግሞ ምላሴ… እንግዲህ አልሰሙኝም።»

«ምንም አልሰማሁም» አለ ናሩሴ፤ በሆዱ ግን እያንዳንዷን ቃል ይዟታል።

ሽማግሌው ኢሶዳ ወደቡ ጫፍ ላይ ጀልባው ውስጥ ተቀምጧል። ሊወስዱበት መሆኑን ሰምቷል መሰል፣ አንድ እጁን የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ጭኖ አያነሳውም።

«ተኝተው ነበር?» አለ ናሩሴ አጠገቡ ዝቅ ብሎ።

«ልጄ ከሞተ ወዲህ ማታም በቅጡ አልተኛሁም። ጠዋት እተኛለሁ?» አለ ኢሶዳ። «መርከቧ እኔ ዘንድ ድርሽ አላለችም። ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ጠርዟ ላይ ካለው መደገፊያ ብረት አጠገብ ጥቁር ነገር አየሁ። ጎንበስ ብዬ ኦክቶፐስ የማጠምድበትን ማሰሮ ከባሕር ስጎትት ቆይቼ ቀና ስል ሄዳለች። ይህን ለዋዳ ነገርኩት፤ ‹ሕልም ነው ያየኸው› አለኝ።»

«ካፒቴኑን ያውቁት ነበር?»

«አነጋግሬው አላውቅም። ግን ደግ ሰው ነበር። እዚያ ባለፈ ቁጥር መርከቡን ያዘገይና ቆቡን አውልቆ ሳኬ ባሕሩ ውስጥ ያፈስ ነበር። ከኔ ሌላ ልጄን የሚያስታውሰው ሰው እሱ ብቻ ነው እል ነበር።» የጀልባዋን ጠርዝ ዳበሰ። «አሁን ደግሞ እሱን የገደልከው አንተ ነህ ይሉኛል። ጀልባዋን ይውሰዷት፣ ግድ የለም። ‹እንቅልፋም› የሚለውን ግን… እኔን ይበሉኝ። ልጄን ስንት ጊዜ ነው የሚገድሉት?»

ማጽናናት የናሩሴ ሙያ አይደለም። ስለዚህ ሥራውን ሠራ፤ ጠየቀ። «ልጅዎ አለቱ ዘንድ አይደል እንዴ የሞተው?»

«እነሱ ናቸው አለት የሚሉት። ፍርዱ ካለቀ በኋላ ማሰሮዎቼን ልሰበስብ ብሄድ ገመዱ እስከ እኩሌታው ተጎትቶ፣ በሚኖሩ አስተሳሰር ተቋጥሮ አገኘሁት። እዚያ እየሠራ ነበር የሞተው፤ ጀልባውን አለቱ ላይ የጣለው ማዕበሉ ነው።»

«ለማን ነገሩ?»

ኢሶዳ ደንግጦ አየው። «ለማንም! ማሰሮ የሚጥልበትን ቦታ የሚናገር አጥማጅ አይተው ያውቃሉ? ሚስቴ እንኳን ሳታውቀው ነው የሞተችው።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በአጥማጆች ማኅበር አዳራሽ ተሰበሰቡ። ዋዳ ወረቀቱንና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አዘጋጅቷል። ኪዮሂኮ ክንዱን አጣምሮ፣ ቺዮ አንገቷን ደፍታ፣ ባንዶ ጫማውን እያየ ተቀመጡ። ኢሶዳ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ተቀመጥ ያለው አልነበረም።

«ዛሬ ጠዋት» አለ ናሩሴ፣ «መርከቧ በሙሉ ፍጥነት ሳለች መሪው እስከ ጥጉ ዞሮ በጎኗ ተኛች ተብሏል። በመደርደሪያው ላይ ያለው ጨው ግን ሹል እንደሆነ ነው፤ ጽዋውም ጠብታ አላፈሰሰም።»

«በኋላ ተስተካክሎ ነዋ!» አለ ኪዮሂኮ።

«ማን ያስተካክለዋል? ቤተሰብ በሐዘን እንደማይነካው የነገርከኝ አንተ ነህ። ባንዶ፣ አንተ ጨው ከምረሃል?»

«ወረቀቱን ብቻ ነው የለጠፍኩት። ኧረ የአምላክ ነገር!» አለ ባንዶ።

«ስለዚህ መርከቧ አልተጋደመችም። ያልተጋደመችው ስላልዞረች ነው፤ ያልዞረችውም ቆማ ስለነበረ ነው። ኢሶዳ ማንም ፊት አልገባም።»

ዋዳ ብዕሩን አስቀመጠ። «ታዲያ ለምን ቆመች?»

«ካፒቴኑ እዚያች ቦታ ሁልጊዜ ለሞተ ሰው ሳኬ ያፈስ ነበር። አገሩ ሁሉ ሚኖሩ የሞተው አለቱ ዘንድ ነው ይላል። እውነተኛዋን ቦታ አባቱ ለማንም አልተናገረም። ከአባቱ ሌላ ማን ሊያውቃት ይችላል? የገጨው ነዋ።»

ኢሶዳ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እንደዚያ ከሆነማ ገዳዩ ኢሶዳ ነው!» አለ ዋዳ ብድግ ብሎ። «የልጁን ደም መመለሱ ነው!»

«ቁጭ በል ዋዳ። ኢሶዳ እስካሁን ድረስ ሟቹን ደግ ሰው ነው ሲል ነበር። የገጨውን ሰው ያወቀው አሁን፣ ከኔ አፍ ነው» አለ ናሩሴ፤ ሽማግሌውንም ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። «ካፒቴኑ ጥቁር የለበሰው ለዚህ ነው። የመርከቧን ትንሽ ጀልባ ባሕር ላይ አውርዶ ኢሶዳ ዘንድ ሄዶ ሊናዘዝ ነበር። መደገፊያው ብረት አጠገብ የታየው ጥቁር ነገር እሱ ነው። እዚያ እንደቆመ አንድ ሰው ገፋው።»

«እኔ መሪው ላይ ነበርኩ» አለ ኪዮሂኮ ቶሎ ብሎ።

«አልነበርክም። መሪው ፊት የተገለበጠ ሣጥን ነበር። አንተ ሣጥን ላይ ብትወጣ ጣሪያውን በራስህ ትበሳው ነበር። እዚያ ላይ የሚቆም ሰው ሳይንጠራራ መስኮቱን የማያይ ነው።» ወደ ቺዮ ዞረ። «‹ቁም› ብለው የደወሉት እርስዎ ነዎት። መሪውን ወንድሙ ካልያዘው፣ ባንዶም እታች ከነበረ፣ መደገፊያው ብረት አጠገብ ከካፒቴኑ ጋር የነበረው ማን ነው? የቀረው ያው አንድ ሰው ነው።»

«ካቻምናም መሪውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ!» አለች ቺዮ ድንገት፣ ቃሉ አንቆ ይዟት የኖረ ይመስል።

«ዝም በይ እትዬ!»

«ሁለት ክረምት ዝም አልኩ ኪዮሂኮ! ባሌንም አስበላኝ ዝምታዬ!»

የኪዮሂኮ ትከሻ ወረደ። «ልገድለው አልነበረም» አለ ወደ መሬት እያየ። «ካቻምና የጥበቃው ተራ የኔ ነበር። እንቅልፍ ሲያሸንፈኝ ፈቃድ የሌላትን ሴት መሪ አስይዤ ተኛሁ። ዛሬ ልናገር ነው አለኝ። ወንድም ጋሼ ተው፣ እሷም እኔም እንጠፋለን አልኩት። ክንዱን ያዝኩት፣ መነጨቀኝ፣ ገፋሁት። ከብረቱ ጋር ተጋጭቶ…» አለና በመዳፉ የራሱን ማጅራት ያዘ።

«ሌላውን እንቅልፋም እያልክ» አለ ባንዶ በዝግታ።

ዋዳ የጀልባውን መውረሻ ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ፊቱ ቀልቷል። ኪዮሂኮን ይዞ ወደ በሩ ሄደ፤ ቺዮም ለመከተል ተነሳች።

«ትንሽ ይቆዩ» አለ ኢሶዳ።

ሁሉም ቆሙ። ናሩሴ ሽማግሌው ሊመታት መስሎት ጠጋ አለ። ኢሶዳ ግን ጥግ ላይ የነበረውን ወንበር እየጎተተ አምጥቶ ከፊቷ አስቀመጠው።

«ቁጭ በይ» አላት።

ተቀመጠች። እሱም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«በየት በኩል ነበር?»

«በቀኜ» አለች። «መልቀቅ ያለብኝ እኔ ነበርኩ፣ አውቀው ነበር። ግን ትንሽ ጀልባ ናት፣ ትለቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ልጁ ገመድ ይዞ ነበር። ሲያየን ብድግ ብሎ ፎጣውን አውለበለበ። እኔ… ሰላምታ መሰለኝ። እኔም አውለበለብኩለት።»

«ብድግ ብሎ?»

«አዎ።»

«ነቅቶ ነበር ማለት ነው» አለ ኢሶዳ። ደጋግሞ ራሱን ነቀነቀ፤ እንባው አገጩ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም። ዋዳ ሰዓቱን ሊያይ ሲል ናሩሴ በክርኑ ጎሸመው።

«ልጄን መጨረሻ ያየሽው አንቺ ነሽ» አለ ኢሶዳ። «ስለ እሱ የሚያወራኝ ሰው የለም። ፊቱ እንዴት ነበር? ፎጣውስ ምን ዓይነት ነው? ሁሉንም ንገሪኝ።»

«ሰማያዊ ነበር» አለች ቺዮ እያለቀሰች። «ፊቱ በፀሐይ ጠቁሮ… በቀኝ እጁ ነበር የሚያውለበልበው።»

ኢሶዳ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ።

«እሺ» አለ። «ከዚያስ?»