የቦሼ ጥጥ

ቡርሃን በሶዶ ገበያ ከአባቱ ከአቶ ጃዕፈር ጋር የስፖንጅ ፍራሽ መሸጥ ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። በሚሌኒየሙ ዓመት አንዲት ወጣት መምህርት ሱቁ ገባች።

«የማይሸት ፍራሽ አለህ?» አለችው።

ሳቀ። «አዲስ ስለሆነ ነው እህቴ። ሳምንት ፀሐይ ላይ ብታሰጪው ይለቀዋል።»

«አስጥቼው አይቻለሁ። ሦስት ወር ሙሉ አልለቀቀውም...» ሳል አቋረጣት። አፏን በሻሿ ጫፍ ሸፍና ወጣች። ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር፤ ቡርሃን ግን ውበታቸውን ብቻ አየ።

ስሟ ጦይባ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየጠበቃት፣ የዳሞታን ተራራ እያዩ ሲሄዱና ሲሳሳቁ ዓመት አለፈ። ሽማግሌ ሲልክ ግን እምቢ አለች።

«ሌላ ሰው አለ?» አላት።

አንድ እርምጃ ራቀችው።

«አስም አለብኝ ቡርሃን። ልብስህ ላይ ያለው የሱቁ ሽታ እንኳ ደረቴን ያፍነዋል። ‹በሽተኛ አገባ› ሲሉህ መስማት አልፈልግም።»

በማግስቱ አንድ ፍራሽ በቢላ ቀደደና ፊቱን አስጠጋ። አፍንጫውን ቆጠቆጠው። ሰባት ዓመት ሲሸጠው እንዲህ አሽትቶት አያውቅም ነበር።

ዲምቱ አካባቢ መርዝ ሳይረጩ ጥጥ የሚያመርቱ ቦሼ የሚባሉ አሮጊት እንዳሉ ሰምቶ ሄደ። ቦሼ ፍሬው የወጣለትን ጥጥ በደጋን ይነድፉ ነበር። የተጣበቀው ጭብጥ ከደጋኑ ጅማት ሥር እየተነሣ ደመና ሲሆን ቡርሃን አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ምን ጨምረውበት ነው እንዲህ የሚነፋው?»

«አየር ነዋ፣ ልጄ! ሌላ ምን ይገባበታል? ሲጠቀጠቅ መልሰህ ንደፈው። ጨርሶ ሲያልቅ እንሰት ሥር ጣለው፤ አፈር ይበላዋል።»

ሁለት ሳምንት እሳቸው ዘንድ ተመላለሰ። መንደፍ ተማረ፤ ነጭ አቡጀዲ ገዝቶ ፍራሹን በገዛ እጁ ሰፋ።

አባቱ ተቆጡ። «የስፖንጅ ነጋዴ ልጅ ጥጥ ላይ ሊተኛ? ገበያ ምን ይለኛል? ደግሞስ ለታመመች ልጅ!»

ቡርሃን ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ቤት ይዞት ገባ። ዓርብ ከቀትር በኋላ እናቱ ጦይባንና አክስቷን ጀዋሂርን ቤት ጠሩ። ፍራሹ ሳሎን ተዘርግቷል።

«እስቲ ጋደም በይበት» አሏት እናቱ።

ጦይባ አፍራ በጎኗ ጋደም አለች። ጉንጯን አስነካችው፤ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፤ ደግማ ሳበች። ከዚያ ሳታስበው እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

ማንም አልተነቃነቀም። ጀዋሂር እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሳሳድጋት እንዲህ ስትተነፍስ ሰምቼ አላውቅም» አለች በሹክሹክታ። ቡርሃን ግድግዳውን ተደግፎ ያዳምጥ ነበር፤ ዓለም ላይ ከዚህ ትንፋሽ ሌላ ድምፅ ያለ አልመሰለውም።

አቶ ጃዕፈር ከጁምዓ ሶላት ተመልሰው ሊናገሩ አፋቸውን እንደከፈቱ በሩ ላይ ቆሙ። አዳመጡ። ጫማቸውን አወለቁ፤ በእግራቸው ጣት እየረገጡ መጥተው ወደ ልጃቸው ጆሮ ጎንበስ አሉ።

«ኒካሁ መቼ ይሁን?»

ጦይባ አልሰማቻቸውም። ወደ ማምሻው፣ የአሱር ሶላት እስኪደርስ ተኛች።